ዘይቱ በየት በኩል ይሄድ ነበር?

ሞተር ሳይክሉ የተገዛው ከአንድ መሥሪያ ቤት የአሮጌ ንብረት ጨረታ ላይ ነው። ሰልባትዮው ላይ «ሆንዳ» የሚል ጽሑፍ ስለነበረ፣ ገዢው የጤፍ ነጋዴ ሆንዳ ገዛሁ ብሎ ያላወራለት የቢቸና ሰው አልነበረም። እኔ ያኔ መንገድ ዳር ካለ ጋራዥ ቁልፍ አቀባይ ነበርኩ። ሞተሩን ጠራርገን ስናየው ስም የሚባል ነገር የለውም። የግራው ሽፋን በቆርቆሮ ተተክቷል፤ የሞተር ቁጥሩ ቦታ ደግሞ አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ ኖሮ በብየዳ ተደፍኗል።

ስሙ የተፈለገው ለጌጥ አይደለም። ሪንጉ አልቋል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ላለ ሰው «የሞተር ሪንግ ላክልን» ብሎ መጻፍ ደግሞ አይቻልም፤ የምኑን ብሎ ይጠይቃላ!

ቴስታታውን ስንፈታ ቫልቭ የለም፤ ካንዴላ የገባበት አንድ ቀዳዳ ብቻ። ገጠር ለገጠር ሲዞሩ የምናውቃቸው የሆንዳ ኤክስ ኤሎች ባለ አራት ምት፣ ባለ ቫልቭ ናቸው። ይኼ ግን ቤንዚኑን ከዘይት ጋር የሚያቃጥል ባለ ሁለት ምት ነው። ነጋዴው አልተዋጠለትም። ይባስ ብሎ የሲሊንደሩን ውስጥ በካሊፐር ስንለካ 56.5 ሚሊ ሜትር ወጣ። የጋራዡ ባለቤት የተገነጣጠለች የልክ መጽሐፍ ነበረችው፤ ገለጥ ሲያደርግ የሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ኤስም ቁርጥ 56.5 ነው። «ይኸው! እናንተ ናችሁ የማታውቁት» አለ ነጋዴው።

የፒስተኑን አናት በእንጨት ስፍቀው ከጥላሸቱ ሥር ወደ ጭስ መውጫው የሚያመለክት ቀስትና «50» የሚል ቁጥር ወጣ። ነገሩ የተገለጠው እዚህ ላይ ነው፤ «50» ማለት 0.50፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ሲሊንደሩ ሲፈጠር 56 ነበር፤ አልቆ በግማሽ ሚሊ ሜትር ተቦርቡሮ ሰፋ ያለ ፒስተን ገብቶለታል። ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚጓዘው 50 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሰላ 123 ሲሲ ገደማ። መጽሐፏን እንደገና ገለጥናት፦ ያማሃ ዲቲ 125፣ 56 በ50። ሱዙኪ ቲኤስ 125፣ 56 በ50! ካዋሳኪንም አስበነው ነበር፤ የእሱ ኬኢ 125 ግን ካርቡራተሩ በቀኝ ጎን ሽፋን ውስጥ ይደበቃል፣ የእኛው ከሲሊንደሩ ኋላ ነው። ልኩ ከሆንዳ አውጥቶ በሁለት ጃፓኖች መሃል ጣለን።

ሞተሩን በጆንያ ጠቅልዬ አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭኜ ወደ ሞጣ ሄድኩ። መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነበር፤ ክረምት ሲሆን ያ ጥቁር አፈር ጎማ ይውጣል። ሞጣ የነበሩት ሽማግሌ መካኒክ የወባ ሠራተኞችን ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ፣ በ1972 ዓ.ም. የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም ሲጀመርም የክትባት ሠራተኞቹን የያዙ ሰው ናቸው። ጆንያውን ፈትቼ ሳሳያቸው ስለ ስሙ አልጠየቁኝም።

«የዘይት ፓምፑስ?»

«የለም ጋሼ። ቀዳዳው በብሎን ተደፍኗል።»

«ፍታዋ። ዘይቱ በየት በኩል ይሄድ ነበር?»

ሁለቱም ፋብሪካዎች ዘይቱን ለብቻው በፓምፕ ይልኩታል። የያማሃው በአንድ ቀጭን ጎማ ወደ አየር መግቢያው ይወስደውና ከቤንዚኑ ጋር ያገናኘዋል። የዚያ ዘመን ሱዙኪ ግን ሌላ መስመር ጨምሮ የክራንክሻፍቱን ኩሽኔታ በቀጥታ ያጠጣል። ብሎኗን ፈታሁ። ሽማግሌው ሽቦ እያስገቡ፣ እኔ ባትሪ እያበራሁ ወደ ኩሽኔታው የሚያደርስ መንገድ ብንፈልግ ብንፈልግ የለም።

ቀጥለው ካርቡራተሩን አወጡት። ከኋላው ትንሽ ሳጥን አለች፤ ላይዋ እንደ ንብ ክንፍ የሳሱ የብረት ልሳኖች አሉ፣ ሞተሩ ሲስብ ይከፈታሉ፣ ሲገፋ ይዘጋሉ። ያማሃ ይህንን በገጠር ሞተሮቹ ላይ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ «በኋላ ሱዙኪም አምጥቶታል፣ በዚህ ብቻ አይማልም» አሉኝና የፍሪሲዮኑን ሽፋን በቤንዚን አጥበው ወደ ብርሃን አዞሩት። በውስጥ በኩል ከብረቱ ጋር አብሮ የፈሰሰ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር አለ። የያማሃ ዕቃ ቁጥር መጀመሪያው ሦስት ፊደል ወይም አሃዝ የሞዴሉ መለያ ነው። ከአልጋቸው ሥር የዲቲ አሮጌ ሽፋን አውጥተው አጠገቡ አኖሩት። ቁጥሩ አንድ ነው።

ሪንጉ፣ ያማሃ ዲቲ 125፣ ሁለተኛ ልክ፣ 0.50 ተብሎ ታዘዘና በሹፌር እጅ በጋዜጣ ተጠቅሎ መጣ። ሽማግሌው የሪንጉን ሁለት ጫፎች በፒስተኑ ቦይ ውስጥ ካለችው ትንሽ ቁልፍ ላይ አገናኝተው፣ ዘይት ቀብተው ከተቱት። ካንዴላው መጥቆሩንም አይተው የካርቡራተሩን ጂግለር በአነስተኛ ቀየሩት፤ ቢቸናም ሞጣም 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸውና አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ፓምፕ ግን አልተገኘም። ስለዚህ ለሃያ ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት እንዲደባለቅ ለነጋዴው በወረቀት ጻፉለት፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ቀድሞ ይገባ ብለውም ከሥሩ አሰመሩበት።