ማን ነው የሚይዛት?

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ስድስት ልጃገረዶች በራችንን አንኳኩ። ትልቋ አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ስልኳን ዘርግታ ቲክቶክ አሳየችኝ፤ አሜሪካኖች አንዷን ልጅ ወደ ላይ ወርውረው ሲቀልቧት። «እንደዚህ አሰልጥነን» አለችኝ። ወንድሞቻቸው የሰፈሩን የክረምት ዋንጫ ሊጫወቱ ነው፤ እነሱ ደግሞ ዳር ቆሞ ማጨብጨብ ሰልችቷቸዋል።

ለምን እኔን? እናቴ ናት ጉዱን የሠራችው። ልጅ ሳለሁ ሁለት ዓመት ሰርከስ እንደሠራሁ ነግራቸዋለች። በ1980ዎቹ ሰርከስ ኢትዮጵያ ከተጀመረ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ሲገለባበጥ ያደገ ልጅ ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነኝ። ከዚያ ኢንጂነሪንግ ተማርኩ፣ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ሆንኩ፤ አሁን ቀኑን ሙሉ ቤት ቁጭ ብዬ ኮድ እጽፋለሁ። ደረጃ ስወጣ እንኳ ያለከልከኛል። ግን «እሺ» አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ «እሺ» ስል የታየኝ ልጆቹ አይደሉም፤ ቪዲዮው ነው። ከኋላ እንጦጦ፣ ከፊት ፒራሚድ፣ ከላይ «ቺርሊዲንግ በቀጨኔ» የሚል ጽሑፍ። ስንት ሰው እንደሚያየው ሁሉ አስቤ ነበር።

ሥልጠና ጀመርን። ቀጨኔ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ እየዘለሉ መጮኽ እዚህ ቀልድ አይደለም። ልጆቹ ሁለት ደቂቃ ሳይቆዩ ትንፋሻቸው ይቆረጣል። ጩኸቱን «በኋላ እንደርስበታለን» ብዬ ተውኩት። መውደቅ መለማመድንም ተውኩት፤ ይደብራል፣ ቪዲዮ ላይም አያምርም። በቀጥታ ወደ ፒራሚድ።

ዘጠነኛው ቀን ነው። ሦስት ከታች ተንበረከኩ፣ ሁለት ከላያቸው፣ ትንሿ ደግሞ ጫፍ ላይ። ሦስት ሲደመር ሁለት ሲደመር አንድ፣ ስድስት። ሒሳቡ ልክ ነው። ግን ስድስቱም ፒራሚዱ ውስጥ ናቸው፤ ከኋላ ቆሞ የሚይዝ ማንም የለም። እኔስ? እኔ ስልክ ይዣለሁ። እየቀረጽኩ ነበር።

ከታች የአንዷ ክርን ታጠፈ። ትንሿ በጎን ወረደች፣ መሬቱን ለመደገፍ እጇን ዘረጋች። ድምፁን ሰምቼዋለሁ።

ተሸክሜያት ቤቷ ደረስኩ። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ በር ላይ ጀበና ደርድረው እያደረቁ ነበር። መጀመሪያ ወጌሻ ይጠራ አሉ። «እትዬ፣ እባክዎ ራጅ ትነሳ» ብዬ ለመንኳቸው። ሄድን፤ አንጓዋ ላይ ስብራት አለ ተባለ፣ ጀሶ ተደረገላት። ስንመለስ እናቷ መንገድ ሙሉ ዝም አሉኝ። በር ላይ ሲደርሱ ግን ዞሩ፦

«አንተ ልጅ፣ ሸክላ እንኳን ሳይደርቅ እሳት አይገባም። ይፈነዳል። የኔን ልጅ በስንት ቀኗ ነው የሰቀልካት?»

ምን እላለሁ? «በዘጠኝ» አልኩ።

ያን ሌሊት ቪዲዮውን አጠፋሁት። ከዚያ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፤ ማንበብ ጀመርኩ። ሥራዬ ላይ ያልተፈተሸ ኮድ ለደንበኛ የሚለቅ ሰው ባይ ልጮኽበት እችላለሁ። እኔ ግን ያልተፈተሸውን ነገር በሰው ልጅ አንጓ ላይ ለቅቄዋለሁ።

ያነበብኩት አሳፈረኝ። ቺርሊዲንግ የተጀመረው በመወርወር አይደለም፤ በድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆኒ ካምቤል የሚባል ተማሪ ከተመልካቹ ፊት ወጥቶ ሕዝቡን በአንድ ድምፅ አስጮኸ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ለብዙ ዓመታትም የወንዶች ሥራ ነበር። እኛስ አዲስ አበባ ስታዲየም መቼ አጣነው? ካታንጋ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ አስጨፋሪው ለጨዋታው ጀርባውን ሰጥቶ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ያዞራል። ጎሉን አያይም። የሚያየው ሰዉን ነው።

ማንሳቱ የመጣው በኋላ ነው፣ ከነሕጉ። ተሸካሚዎች በወገባቸው ሳይሆን በእግራቸው ጉልበት ያነሳሉ። በእንብርክክ ያለ ሰው ላይ የሚረገጠው ዳሌው ላይ እንጂ አከርካሪው መሃል አይደለም። ከላይ ያለችው ሰውነቷን አጥብቃ ትይዛለች፤ ከላላች ትከብዳለች። ከኋላ ደግሞ ሌላ ሥራ የሌለው አንድ ጠባቂ ይቆማል፤ ዓይኑን ከላይ ካለችው አይነቅልም። መውደቅም ይለመዳል፤ ጉልበት ታጥፎ ነው የሚወረደው፣ እጅ አይዘረጋም።

ከሳምንት በኋላ አምስቱን ሰበሰብኩና ይቅርታ ጠየቅኩ። «ዘንድሮ ማንም መሬት አይለቅም» አልኳቸው። አኮረፉ። «እና ምን ልንሠራ ነው?» አለች ትልቋ። «እንጮሃለን» አልኩ። ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ መጮኽ፣ እስከ ስምንት እየቆጠሩ መርገጥ፣ አብሮ ማጨብጨብ፣ አብሮ ዝም ማለት። ከሁሉም የከበደን አብሮ ዝም ማለት ነው። ትንሿ ጀሶዋን በነጠላ አንጠልጥላ መጣችና ቆጣሪ ሆነች።

ግጥሙን የጻፉት እነሱ ናቸው። ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» እያለ የሚያማ አፍ ዛሬም አልጠፋም፤ ልጆቹም ከሌላ ሰፈር ጋር ሲጣሉ ስድቡ እንደማይቀርላቸው ያውቃሉ። የፍጻሜው ቀን ትንሿ መስመሩ ፊት ቆመች፦

«ጀበናውን ማን ሠራው?»

«እኛ!»

«ቡናውን ማን ጠጣው?»

«እናንተ!»

እጃቸውን ወደ ተቃራኒው ደጋፊ ቀሰሩ። መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ከዚያ እዚያ ማዶ ያሉት ሳቁ፣ በሦስተኛው ዙር ደግሞ «እኛ!» እያሉ አብረው መመለስ ጀመሩ። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ማንም ቪዲዮ አልቀረጸም፤ ቀርጾም ከሆነ እኔ አላየሁትም። ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ ነበር።

ጀሶው ከተፈታና እጇ ከጠነከረ በኋላ ትንሿ ቤት ድረስ መጣች። «አሁን ልውጣ?» አለችኝ። «እናትሽን ጠይቂ» አልኳት። በማግስቱ ከእናቷ ጋር መጡ። ሜዳው ላይ ሁለት የስፖንጅ ፍራሽ ዘርግተናል። እናቷ ፍራሹን በእግራቸው ጫን ጫን አድርገው ሞከሩት።

«ማን ነው የሚይዛት?»

ሁለቱን ተሸካሚዎች አሳየኋቸው። ከጉልበት ከፍ የማትል ትንሽ ማንሻ ናት።

«አንተስ?»

«እኔ ከኋላ ነኝ፣ እትዬ።»

እጄን አዩ፤ ባዶ ነው። ስልኩን ቤት ትቼዋለሁ።

«ዓይንህን እንዳትነቅል» አሉኝና ዳር ሄደው ቆሙ። ትንሿ መቁጠር ጀመረች።