የእኛ ቤት ሽንት ቤት የት ይሄዳል?

ጥቅምት ላይ የስምንት ዓመት የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት ይዣት ስመለስ፣ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ድልድይ ላይ ስንደርስ አፍንጫዋን በሹራቧ ያዘች።

«እማማ፣ ይሄን ሁሉ ቆሻሻ ማን ነው የሚደፋው?»

«ፋብሪካውም ሰዉም» አልኳት።

«እኛስ?»

«እኛማ ጉድጓድ አለን» ብዬ አለፍኩ።

ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጎረቤቶቻችን በየዓመት ሁለት ዓመቱ ሽንት ቤት የሚመጥ መኪና ይጠራሉ። የእኛ ጉድጓድ ግን ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ሞልቶ አያውቅም። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ «ዕድለኞች ነን» ይል ነበር። እኔም አብሬው እስቅ ነበር።

በማግስቱ የቧንቧ ሠራተኛ አስጠርቼ ጉድጓዱን አስከፈትኩ። ከጎኑ አንድ ቱቦ በአጥር ሥር አልፎ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩም ወደ ወንዙ ይወርዳል። አላውቅም ነበር ብል ግማሽ እውነት ነው። ማወቅ አልፈለግሁም ነበር።

እኔ በነርስነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ጤና ጣቢያ ለመጡ እናቶች «ውሃ አፍሉ፣ እጃችሁን ታጠቡ» እያልኩ ስንቱን ተቆጥቻለሁ። ወስፋት ሆዱን የነፋው፣ ተቅማጥ ያደከመው ስንት ሕፃን በእጄ አልፏል። በዚሁ ወንዝ ውሃ ሰላጣ፣ ቆስጣና ካሮት ይለማል፤ ገበያ ወጥቶም ማዕዳችን ላይ ይቀርባል። እናቶቹን ስመክር፣ የእኔ ቤት ፍሳሽ ወደዚያው ይወርድ ነበር።

ከተማችን ማጣሪያ የላትም እንዳይባል፣ ቃሊቲ ላይ ትልቅ ጣቢያ አለ። ድሮ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲቀበል የተሠራ ነበር፤ በኋላ ተስፋፍቶ አቅሙ 100,000 ሜትር ኩብ ደርሷል። አሠራሩ ለመረዳት አያስቸግርም። ላስቲኩና ጨርቁ በወንፊት ይያዛል፣ አሸዋው ይዘቅጣል፣ ቀሪውን ባክቴሪያዎች በገንዳ ውስጥ ይበሉታል። ፍሳሹ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ግን ባክቴሪያዎቹ ያንኑ ሥራ የሚሠሩት የወንዙን ኦክስጅን እየጨረሱ ነው። ዓሣ የሚጠፋው በዚህ ነው። ከፍሳሹ የሚቀረው ንጥረ ነገር ደግሞ ሁለቱ አቃቂዎች በሚገቡበት በአባ ሳሙኤል ግድብ ላይ እንቦጭን ይቀልባል። ከዚያ ውሃው ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽን የሚጠጣ ከብትና ሰው አለ።

ጣቢያው የሚያጣራው ግን የደረሰውን ብቻ ነው። በአጥር ሥር ሾልኮ የሚያመልጠውን ማንም አያጣራውም።

ቱቦውን አስደፈንኩ። ጉድጓዱ በጥቂት ወራት ሞላና መኪና ጠራሁ። ከጡረታዬ ላይ ቆርጬ መክፈሉ ከብዶኛል፣ አልዋሽም። አሁን ከዋናው የፍሳሽ መስመር ጋር ለመገናኘት አመልክቼ ተራዬን እጠብቃለሁ። በእድራችን ስብሰባ ላይም ተነስቼ ጉዴን ተናገርኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ኋላ ላይ አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ የእኛም እኮ ሞልቶ አያውቅም» አሉኝ።

እናንተም ጉድጓዳችሁ ለዓመታት ካልሞላ አትደሰቱ፤ አስከፍታችሁ እዩት። አትክልቱን በተመለከተ ደግሞ አንድ የነርስ ምክር፦ ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ የወስፋትን እንቁላል አይገድለውም። ቅጠሉን አንድ በአንድ በንጹሕ ወራጅ ውሃ እጠቡት። ለትንንሽ ልጆች ደግሞ አብስሎ መስጠቱ ይሻላል።

ወንዙ ዛሬም ይሸታል። የልጅ ልጄም ድልድዩ ላይ አፍንጫዋን ትይዛለች። «እኛስ?» ብላ ብትጠይቀኝ ግን አሁን የምመልስላት አለኝ።