ካርታው በዲግሪ፣ ተራራው በሜትር

‹‹መረጃ የለንም›› የሚለው ሰበብ እያረጀ ነው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ቱፋ ዲንኩና ባልደረቦቹ ከሀገራችን ሜትዮሮሎጂ ጋር ሆነው የጣቢያ ልኬትን ከሳተላይት ግምት ጋር አዋሕደዋል። ኢናክትስ ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ያለውን ዝናብና ሙቀት በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ከፋፍሎ ያሳያል፤ ሰቆጣም አለችበት። ጣጣው የሚጀምረው ካርታው ታትሞ ሰው እጅ ሲገባ ነው።

እስቲ ቀለሙን እንይ። ቡናማው ደረቅ፣ አረንጓዴው እርጥብ ነው። ሰቆጣ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ያየሁት ቅጂ ግን በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ የተባዛ ስለሆነ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነዋል። ድርቅና ጥጋብ ተመሳስለው አረፉት! ከሥሩ ደግሞ ‹‹ጁን›› ይላል። ጁን ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 23 ነው፤ ዘመነ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26። ገበሬው ‹‹የሰኔ ዝናብ›› ብሎ የሚያነበው ሩብ ያህሉ የግንቦት ነው ማለት ነው። (ጋዜጠኝነት ስንማር ‹‹ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ›› እያሉ አሰልችተውን ነበር፤ ካርታም ይኼው መጠየቅ አለበት።)

ወደ አውሬው ልምጣ። ከሰቆጣ በጋዝጊብላ አድርገው ወደ ላስታ ሲሄዱ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው አቡነ ዮሴፍ አለ። እዚያ ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች ይኖራሉ። በዓለም ላይ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ሁሉም እኛው ጋ ናቸው። መኖሪያቸው አባቶቻችን ‹‹ውርጭ›› ያሉት፣ አይጥና ፍልፈል የሚታደንበት ከፍታ ነው። ጎጃም፣ ጮቄ ላይ ጠፍተዋል።

ታዲያ ‹‹በ1 ዲግሪ ሞቀ›› የሚል ካርታ ለእነዚህ ቀበሮዎች ጠባቂ ምን ይነግረዋል? ተራራ በወጣን በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ግድም ይቀንሳል። 1 ዲግሪ እንግዲህ በግርድፉ 150 ሜትር ሽቅብ ነው። ደጋው ወደ ውርጩ 150 ሜትር ይወጣል፤ ውርጩ ሲሸሽ ገብስ ይከተላል፣ ገብሱን ሞፈር ይከተላል። ቀበሮውም ይወጣል፣ ግን ተራራው ጫፍ አለው፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥርም መሬቱ ይጠባል። ይኼን ለደጋ ሰው ማስረዳት አስተርጓሚ አይጠይቅም፤ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚለው የራሱ ካርታ ነዋ!

እንግሊዛዊው ኤድ ሆውኪንስ እ.ኤ.አ. በ2018 በሰማያዊና በቀይ መስመር ብቻ የዓለምን መሞቅ አሳይቶ ነበር፤ ቁጥር እንኳ የለውም። ለማስደንገጥ ወደር የለውም። ‹‹የግጦሹ ወሰን የት ላይ ይቁም?›› ለሚል የቀበሌ ስብሰባ ግን አይሆንም። ለዚያ የሚያስፈልገው የዛሬውን የእርሻ ጫፍና ከ150 ሜትር በኋላ የሚደርስበትን በሁለት መስመር የሚያሳይ፣ ሸንተረሩንና ቤተ ክርስቲያኑን በስማቸው የሚጠራ ወረቀት ነው። ጣቢያ የሌለበት ቦታ በሰረዝ ይሞላ፤ ግምት መሆኑ ይታወቅ። ሳተላይት የሞላው ክፍተት ከተለካው ጋር አንድ ቀለም መቀባቱ ለእኔ ውሸት ነው።

ቀበሮውን ብቻ የሚያሳይ ካርታም አልወድም። ዋግ እ.ኤ.አ. በ2015ም በ2023ም በድርቅ ተመቷል። ሽቅብ የሚያርሰው ሰው ቀበሮ ጠልቶ አይደለም የሚወጣው። የገብሱ ማሳ፣ የግጦሹ ሣርና የቀበሮው ጉድጓድ እዚያው ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይሣሉ፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይከራከሩበት።