ለፎቶ የተገዛ ሲጋር

በአማርኛ «ሲጋራ» እና «ሲጋር» የሚለያዩት በመጨረሻዋ ድምፅ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የነገሩም ልዩነት ያን ያህል ይመስለዋል። አንዱ የድሃ፣ አንዱ የሀብታም፤ አንዱ ይገድላል፣ አንዱ ያስከብራል። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ የ28 ዓመት ወጣትም የሚያውቀው ይህንኑ ነበር።

የቅርብ ጓደኛው ሊያገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እሱ አንደኛ ሚዜ ነው። ሚዜዎቹ ከመኪናው ፊት ተደርድረው፣ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ሲጋር ይዘው የሚነሱት ፎቶ የግድ ነው ተባለ። ግዢው በእሱ ላይ ወደቀ። በሕይወቱ ሲጋር አጭሶ አያውቅም። ሱቅ ገባና በዓይኑ መረጠ፤ ትልቁን፣ ጥቁሩን፣ ውዱን። አንዱ 30 ዶላር ነው። የሃያውን ቀብድ ከፍሎ አንዱን ለናሙና ይዞ ወጣ።

ቤት ሲገባ አባቱ ሳሎን ተቀምጠው ዜና ያያሉ። ናሙናውን አሳያቸው። አባትየው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ሲጋሩን በሁለት ጣታቸው ከእግሩ እስከ ራሱ ቀስ እያሉ ጫን ጫን አደረጉት፣ አሸተቱት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ይሄ ጥሩ ሲጋር ነው። ለጀማሪ ግን ሙሽራውን አዳራሹ ውስጥ ታስታውክብናለህ።»

ልጁ ሳቀ። ከዚያ ግን አባቱ ይህን ከየት እንዳወቁ ጠየቀ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተጀመረው።

አባትየው ከኩባ ልጆች አንዱ ናቸው። የኦጋዴን ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ለትምህርት ወደ ኩባ መላካቸው ይታወቃል። ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን በጦርነት ያጡ ነበሩ። ያረፉት «የወጣቶች ደሴት» በምትባለው ደሴት ላይ ነው። የቀኑን ግማሽ ይማራሉ፣ ግማሹን የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ይሠራሉ። በኦጋዴን የወደቁት ኩባውያን መታሰቢያ ዛሬም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ፣ የትግላችን ሐውልት ሥር አለ። ወደዚያ የሄዱት ልጆች ታሪክ ግን በየቤቱ ሳይነገር የቀረው ይበዛል። እኚህም አባት ስለ ኩባ ብዙ አያወሩም ነበር። ከደሴቷ ቀጥሎ ግብርና ለመማር ፒናር ዴል ሪዮ መግባታቸውን ልጁ የሰማው ያን ቀን ነው። ፒናር ዴል ሪዮ ደግሞ የዓለም ዝነኛ የሲጋር ቅጠል የሚበቅልበት የምዕራብ ኩባ ግዛት ነው።

«ታዲያ የኩባውን ልግዛ?» አለ ልጁ።

«አሜሪካ ውስጥ? ከየት አምጥተህ!»

ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በኩባ ላይ የንግድ ማዕቀብ የጣሉት በየካቲት 1962 እ.ኤ.አ. ነው። የፕሬስ ጸሐፊያቸው ፒየር ሳሊንጀር ኋላ እንደተረከው፣ ኬኔዲ ከመፈረማቸው በፊት የሚወዱትን የኩባ ሲጋር እንዲሰበስብላቸው አዘዙት። 1,200 አገኘ። ከዚያ ፈረሙ። ማዕቀቡ ዛሬም አለ። ኦባማ በ2016 ተጓዦች ለራሳቸው እንዲያስገቡ ፈቅደው ነበር፤ በ2020 ትራምፕ መልሰው ከለከሉት። በሌላው ዓለም ደግሞ በ2022 እንደ ኮሂባ ያሉት ዋነኞቹ ስሞች ዋጋቸው በአንድ ጊዜ ተሰቀለ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ በፒናር ዴል ሪዮ ቅጠል የሚደርቅባቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ጎተራዎች ጣለ። ዋጋና እጥረት ሲገናኙ አጭበርባሪ ይበዛል። ሃቫና መንገድ ላይ «ዘመዴ ፋብሪካ ነው የሚሠራው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ሐሰተኛ ነው ብሎ ማሰብ ይሻላል። ክዳኑ መስታወት የሆነ የኮሂባ ሣጥን ደግሞ ያለ ጥርጥር ሐሰተኛ ነው።

ለጀማሪ ግን ኩባ አያስፈልግም። በ1960 የኩባ መንግሥት ፋብሪካዎቹን ሲወርስ፣ ብዙ ባለሙያዎች እውቀታቸውንና ዘራቸውን ይዘው ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ሆንዱራስና ኒካራጓ ተሰደዱ። ዛሬ የአሜሪካ ሱቆችን የሞሉት የእነዚያ አገሮች ሲጋሮች ናቸው። ስደተኛ የያዘውን ሙያ የትም ቢሄድ እንደሚተክለው አባትየው ማስረዳት አላስፈለጋቸውም።

በማግስቱ አብረው ሱቁ ሄዱ። የሃያው ቀብድ ወደ ስድስት ዝቅ አለ። «ሃያው ሰው አያጨስም፤ ፎቶ የሚፈልግ በባዶው ይነሣ» አሉ አባትየው። ከዚያ መምረጥ አስተማሩት።

ጥሩ ሲጋር የሚባለው ሙሉ በሙሉ በእጅ የተጠቀለለ፣ ውስጡም ያልተከተፈ ረጅም ቅጠል የሆነ ነው። ሦስት ክፍል አለው፤ የውስጥ ሙሊት፣ እሱን የሚያስረው ቅጠልና የላይኛው መጠቅለያ። ጀማሪ በመጠቅለያው ቀለም ይታለላል፤ ጥቁር ሁሉ ኃይለኛ፣ ፈዛዛ ሁሉ ቀላል ይመስለዋል። ኃይሉ በአብዛኛው የሚመጣው ከውስጥ ነው። ከተክሉ ታች የሚለቀመው ቮላዶ ቀላልና በደንብ የሚነድ ነው፤ መካከለኛው ሴኮ መዓዛ ይሰጣል፤ ፀሐይ የሚጠግበው የላይኛው ሊጌሮ ብርቱው ነው። ባለሱቁን «ቀለል ያለ፣ ሊጌሮ ያልበዛበት» ማለት የሣጥን ጌጥ ከማየት ይሻላል።

መጠንም አለ። ውፍረቱ የሚለካው በኢንች 64ኛ ክፍልፋይ ነው። 50 ከተባለ ወደ ሁለት ሳንቲሜትር ይጠጋል። አምስት ኢንች ርዝመትና 50 ውፍረት ያለው ሮቡስቶ ይባላል፤ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ልጁ ቀድሞ የመረጠው ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ነበር። ስድስት ቀላል ሮቡስቶ ወሰዱ፣ ለትምህርት አንድ ጨመሩ። የአንዱ ዋጋ ከመጀመሪያው ከግማሽ በታች ነው። ውድ የሴዳር ሣጥንም አልገዙም። ለሦስት ሳምንት፣ በደንብ የሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢትና እርጥበት የምትጠብቅ ትንሽ እሽግ በቂ ናቸው። እርጥበቱ ከ65 እስከ 70 በመቶ ይሁን፤ ሙቀት ከበዛ ቅጠሉ ውስጥ ያለ የጥንዚዛ እንቁላል ይፈለፈላል።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጓሮ ተቀመጡ። በባዶ ሆድ አይጀመርም። አባትየው ስኳር የበዛበት ሻይ በቴርሞስ አስቀርበዋል። ራሱ ላይ ያለችውን ቆብ በጣም በትንሹ አስቆረጡት፤ ብዙ ከተቆረጠ መጠቅለያው ይፈታል። እሳቱን ቅጠሉን ሳያስነኩ ከእግሩ ሥር እያዟዟሩ አሞቁለት። ከዚያ ሳብ አለ።

«ወደ ሳንባህ እንዳታስገባ። አፍህ ውስጥ ያዘውና ልቀቀው። አሁን አስቀምጠው።»

«አሁን?»

«በደቂቃ አንዴ ይበቃል። ከቸኮልክ ይግላል፣ ይመራል።»

በዚያ በደቂቃዎቹ መሐል ነው አባትየው ያወሩት። ተማሪ ሳሉ የሲጋር ፋብሪካ ሊጎበኙ ሄደው ነበር። ጠቅላዮቹ እንደ ተማሪ በረድፍ ተቀምጠዋል። ከፊት ከፍ ያለ ወንበር ላይ አንድ ሰው ጋዜጣ ያነብላቸዋል። ይህ ልማድ ሃቫና ውስጥ የተጀመረው በ1865 ነው። ጠዋት ዜና፣ ከዚያ ልብ ወለድ። ለአንባቢው የሚከፍሉት ሠራተኞቹ ከደመወዛቸው አዋጥተው ነበር። ቅኝ ገዢዋ ስፔን በዓመቱ ከለከለችው፤ ማንበብ የማይችል ሠራተኛ ጋዜጣ መስማቱ አላማራትም። ልማዱ ግን ተመልሶ መጣ፣ ዛሬም አለ። በ1935 የተጀመረው ሞንቴክሪስቶ የተባለው ሲጋር ስሙን ያገኘው ሠራተኞቹ ከሚወዱት ከዱማ ልብ ወለድ ነው። የ1895ቱ የነፃነት ጦርነት የተጀመረበት ትእዛዝ ከአሜሪካ ወደ ኩባ የገባው በሲጋር ውስጥ ተጠቅልሎ ነው ይባላል።

«እዚያ የተቀመጠችው ሴትዮ ቀኑን ሙሉ ጠቅልላ የምታጨስበት ገንዘብ የላትም ነበር» አሉ አባትየው። «እሷን ሳያውቅ ለፎቶ የሚነክሰውን ሰው ሳይ ደስ አይለኝም።»

ግማሹ ላይ ሲደርስ የልጁ ግንባር ላብ አወጣ። ፊቱ ነጣ። የሲጋር ጢስ ኒኮቲኑን በአፍ ሥጋ በኩል ያስገባል፤ ወደ ሳንባ ባይሳብም ሰውነት ይቀበለዋል። አባትየው ሻይውን ሰጡት። «አስቀምጠው። እንዳትተረኩሰው። ሲጋራ ነው የሚተረኮስ፤ ይሄ ተቀምጦ በራሱ ይጠፋል።»

ልጁ ሻይውን ጠጥቶ ትንሽ ሲረጋጋ፣ አንድ ነገር ጠየቀ። «አባዬ፣ አንተ ለምን አላበራህም?»

አባትየው ዝም አሉ። ከዚያ ነገሩት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጥርስ ሐኪም ምላሳቸው ሥር ነጭ ነገር አየ። ናሙና ተወሰደ። ካንሰር አልነበረም፤ ግን ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ነው ተባለ፤ ተቆርጦ ወጣ። ያን ሁለት ሳምንት የጠበቁት ለእናትየው ብቻ ነግረው ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም አላጨሱም።

«እኔ ወደ ሳንባዬ አስገብቼ አላውቅም። ምንም አያደርግም ይሉኝ ነበር።»

ይህ ውሸት ዛሬም በየሲጋር ቤቱ ይነገራል። አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኬት ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የምግብ ቧንቧና የሳንባ ካንሰር ያመጣል። በልዩ ሁኔታ የተለየው መጠኑና ልማዱ ነው፤ በወር አንዴ የሚያጨስና በቀን ሦስት የሚያጨስ እኩል አደጋ የለባቸውም፤ ከአደጋ ነፃ የሆነ ግን የለም። የሲጋር አገር መሪ የነበሩት ፊደል ካስትሮ እንኳ በ1985 ለሕዝባቸው ጤና ዘመቻ አርአያ ለመሆን ብለው አቁመዋል። ሲጋሩን ከአፋቸው ሳይነጥል ፎቷቸውን የሚለጥፈው ሰው ይህን አይጨምርበትም።

ጉዳዩ የአሌክሳንድሪያ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባም ሲጋር የስኬት ፎቶ ዕቃ ሆኗል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ዝግ ቦታዎችና በሥራ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል፤ «ይሄ እኮ ሲጋር ነው» የሚል ነፃ ፈቃድ አልሰጠም። አስተናጋጇ የምትተነፍሰው ጢስ በዋጋው መጠን አይቀልላትም።

አዋቂ ሰው ልጀምር ካለ ማንም አያስቀረውም። ግን አውቆ ይጀምር። ማን እንደጠቀለለው፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚያደርገው፣ መቼ እንደሚያስቀምጠው ይወቅ። ለፎቶ ከሆነ ደግሞ ባዶ እጅም ያምራል። ከሁሉ በላይ፣ ከልጆቻቸው የደበቁት ሕመም ያለባቸው አባቶች ልጁ ሣጥን ይዞ እስኪገባ ባይጠብቁ ጥሩ ነው። ይህኛው የተነገረው በአንድ ሠርግ ሰበብ ነው።

ሠርጉ ደረሰ። ፎቶው ተነሣ። ከስድስቱ ሚዜዎች አራቱ አበሩ፤ ሁለቱ ሳያበሩ ይዘው ቆሙ፤ ፎቶው ላይ ማን እንደሆኑ አይለይም። ሙሽራው አላስታወከም። አባትየው ከአዳራሹ ውጭ ካለው ጠረጴዛ አጠገብ ሲያልፉ መተርኮሻው ላይ በግማሽ የቀረ ሲጋር አዩ። ጎንበስ ብለው አመዱን ተመለከቱት፤ ረጅም፣ ግራጫ፣ ያልተሰበረ። የጠቀለለችው ሴት እጇ ጥሩ ነበር። በራሱ እየጠፋ ነው። ሳይነኩት ወደ ጭፈራው ገቡ።