የጂን ባላንጣ፣ የካሳ ባላንጣ

ደባርቅ ላይ ልጅነታችንን ካጣፈጡልን ነገሮች አንዷ ከመናኸሪያው ብዙም ሳትርቅ የነበረች ጠባብ ፕሌይስቴሽን ቤት ናት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ አፈር፣ መስኮቷ ብርሃን እንዳያስገባ በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረደ። ውጭ የሰሜን ብርድ ሲጋረፍ ውስጧ በልጆች ትንፋሽ ይሞቃል። ቀድሞ የደረሰ አግዳሚውን ይይዛል፤ የዘገየ ከኋላ ቆሞ ያያል። የተሸነፈ ይነሳል፣ ሕጉ ይኸው ነበር።

ቴከን 3ን ያየሁት እዚያ ነው። የጃፓኑ ናምኮ ለፕሌይስቴሽን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ቢሆንም እኛ ጋ የደረሰው ዓመታት ዘግይቶ፣ በተገለበጠ ሲዲ ነው። እንግሊዝኛውን የሚፈታልን ስላልነበረ ታሪኩን ከምስሉ፣ ከፊታቸውና ከአወዳደቃቸው ለቀምነው። ጂን ካዛማ የሚባል የ19 ዓመት ጎረምሳ አለ። እናቱን አውሬ አሳጥቶታል። አያቱ ሄሃቺ አስጠግቶ ውጊያ አስተምሮታል። ቀይ ጸጉሩ ሃዋራንግ ደግሞ አንድ ጊዜ ገጥሞት እኩል ከወጡ ወዲህ እንቅልፍ አጥቶ ይፈልገዋል።

ክርክሩ የተነሳው ከዚህ ነው፤ የጂን እውነተኛ ባላንጣ ማን ነው? የአክስቴ ልጅ አውሬው ነው ብሎ ሙጭጭ አለ፤ የእናት ደም ከሁሉ ይበልጣል ባይ ነው። ብዙዎቹ ልጆች ለሃዋራንግ አደሉ፤ ዕድሜውም ጉልበቱም የጂን እኩያ ነውና። እኔ ሽማግሌው ሄሃቺ ነው አልኩ። ጂንን አሸናፊ አድርጎ የጨረሰ ልጅ የሚያየው አጭር ፊልም አለ፤ አውሬው ከወደቀ በኋላ አያቱ በገዛ የልጅ ልጁ ላይ ያስተኩስበታል። ያንን ያየሁ ዕለት እራት አልበላልኝም። ሽማግሌው ደግሞ ሲጀመር ከሚመረጡት መካከል የለም። በሌሎቹ ደጋግሞ ጨዋታውን የጨረሰ ብቻ ነው የሚያገኘው። ቤቷ ሜሞሪ ካርድ ስላልነበራት መብራት በሄደ ቁጥር ልፋታችን ይጠፋና ሽማግሌው ተመልሶ ይሰወራል፤ እኛም እንደገና እንጀምራለን። ይህ መሰወሩ በዓይኔ አገዘፈው።

አንድ ሰሞን አያቴ ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ወገን መጥተው እኛ ቤት ሰነበቱ። ማታ እሳት ዳር ከአክስቴ ልጅ ጋር ስንጯጯህ ሰምተው፣ «ምንድን ነው እናንተን የሚያባላችሁ?» አሉ። እየተቀማማን ነገርናቸው። ዝም ብለው አዳመጡና፣ «የካሳና የደጃች ውቤ ነገር ነዋ» አሉ።

«አባባ፣ የካሳ ባላንጣ ራስ ዓሊ አይደሉም እንዴ? ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው የተማርነው።»

«ዓሊማ ትልቅ ጌታ ነበሩ። ግን ዘውድ አምሯቸው ያውቃል? ዘውዱን ከልብ የፈለጉት ሁለት ናቸው፣ ልጄ፤ ካሳና ውቤ።»

ያን ማታ የሰማሁትን ካደግሁ በኋላ ከመጻሕፍት ጋር አመሳክሬዋለሁ፤ አያቴ ልክ ነበሩ። የኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ የካሳ ኃይሉ መንገድ በእርግጥም ደረጃ በደረጃ እንደሚከብድ ጨዋታ ነው። በኅዳር 1845 ዓ.ም ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ወደቁ። በዚያው ዓመት ሰኔ አይሻል ላይ የራስ ዓሊ ጦር ተፈታ። ዓሊ አማቹ ናቸው፤ ካሳ የልጃቸው የተዋበች ባል ነበር። ነገር ግን ዓሊ ጎንደር ላይ ስመ ንጉሥ አስቀምጠው አገር መግዛት በቅቷቸው የኖሩ ሰው ናቸው። ካሳ የተመኘውን ወንበር እሳቸው አልተመኙትም።

ውቤ ኃይለ ማርያም ግን ተመኝቶታል፤ ተመኝቶም አልቀረ፣ ተዘጋጅቶበታል። ሰሜንን ከአባቱ ወርሶ ትግራይን ጨመረ። ወደ ባሕሩ በር ቅርብ ስለነበር ጠመንጃ በብዛት ያገኝ ነበር። ከግብፅ ጳጳስ ያስመጣው እሱ ነው፤ አቡነ ሰላማ የመጡት በ1830ዎቹ እሱ በላከው መልእክተኛ ነው። ያለ ጳጳስ ቅባት የለም፣ ያለ ቅባትም ንጉሠ ነገሥት የለም። ቀጥሎ ደረስጌ ላይ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ በሥራው ከእሱ ዘንድ የነበሩት ጀርመኖች፣ ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደርና የዕፅዋት ተመራማሪው ቪልሄልም ሺምፐር እጃቸው አለበት። ሊነግሥባት ነበር።

በየካቲት 1847 ዓ.ም ካሳ መጣ። በዚያው በደረስጌ ሜዳ ውቤን ድል አድርጎ ማረከው። ቀናት ሳይቆጠሩ፣ ውቤ ባሠራት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጣቸው ጳጳስ እጅ ዘውድ ደፍቶ ቴዎድሮስ ተባለ። በኋላም የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገባ፤ ከእሷ የተወለደው ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ውጊያ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ ዊንዘር ተቀብሯል። በዚያ ብላቴና የደም ሥር የሁለቱ ባላንጣዎች ደም አብሮ ይሮጥ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

አያቴ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አስከትለውኝ ሄዱ። የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ሳንቃበርን፣ ከዚያ ጭነቅን አልፈን በብዋሂት ጉሮሮ ስንሻገር ጅብራው በጉም ውስጥ ቆሞ፣ ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ፣ እኔ ጥርሴ እየተንገጫገጨ። ደረስጌ ማርያምን ሲያሳዩኝ አያቴ የቴዎድሮስን ስም አስቀድመው አልጠሩም። «ደጃች ውቤ የሠሯት ናት» አሉኝ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። በሰሜን ሰው አፍ ውቤ ተሸናፊ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ባለቤት ነው። ያኔ ነው ስለ ሄሃቺ ያልኩት ምን ማለት እንደሆነ ለራሴም የገባኝ። ባላንጣ ማለት ጀግናው የሚመኘውን ያንኑ ነገር ቀድሞ የተመኘና ቀድሞ የደከመበት ሰው ነው።

የቴከን ተከታታይ ከዚያ በኋላ ብዙ ርቋል። በ4ኛው የጂን አባት ካዙያ ከሞት ተመልሶ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በወጣው 8ኛው ደግሞ አባትና ልጅ ለመጨረሻ ተፋጠዋል። ሠሪዎቹ ካዙያን መርጠዋል ማለት ነው፤ አዲስ አበባ ሄዶ እዚያው የቀረው የአክስቴ ልጅም በስልክ ይህንኑ ይነግረኛል። እኔ ግን ከሽማግሌው አልነቃነቅም። በ6ኛው ላይ ጂን የሚሺማ ቤተሰብን ድርጅት ይዞ ሲቀመጥ የተቀመጠው አያቱ ዕድሜውን ሙሉ ሲሟሟትለት በኖረው ወንበር ላይ ነው። ልክ ደረስጌ ላይ እንደሆነው።

ዛሬ አገራችን ጌም የሚሠሩ ወጣቶች አሏት፤ ቅኔ ጌምስ የሠራትን ‹ኩኩሉ›ን በስልካችን ተጫውተናል። የካሳን ታሪክ ወደ ጌም ለመቀየር የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ውቤን መጨረሻ ላይ ብቅ የሚል አውሬ አታድርጉት። ጳጳስ ሲያስመጣ፣ ድንጋይ ሲያስጠርብ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሲያሳንጽ ከመጀመሪያው አሳዩን፤ የፈለገም ልጅ እሱን መርጦ ይጫወት።