አባዬን ማጉረስ ስናቆም

ስለ ስትሮክ ምልክቶችና ስለ ደም ግፊት ከዚህ በፊት ጽፌላችኋለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ቤት ውስጥ ስላለው ኑሮ ነው፤ በተለይ ባላችሁን ወይም ሚስታችሁን ለምታስታምሙ። ከራሴ ቤት ልጀምር።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ኅዳር ላይ፣ አባቴ ጠዋት ከአልጋ ሊነሳ ሲል ቀኝ እጁና እግሩ አልታዘዝ አሉት። አፉ ተጣመመ፣ ቃል አልወጣ አለው። ጎረቤት «ምች ነው» ቢልም እናቴ አልሰማችም፤ ቶሎ ሆስፒታል ወሰደችው። የጭንቅላት የደም ስር ተዘግቶ ነበር። ሁለት ሳምንት ተኝቶ ወጣ። ያኔ ከባዱ ያለፈ መስሎን ነበር።

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ እነሱ ደብረ ብርሃን። ማታ ማታ እየደወልኩ ለእማዬ ትእዛዝ እሰጣለሁ፦ መድኃኒቱን በሰዓቱ ስጪው፣ ጨው ቀንሺ፣ ቁስል እንዳያወጣ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጪው፣ ግፊቱን ለኪና ንገሪኝ። «እሺ ልጄ» ትላለች። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ስልኩን ስዘጋ ድርሻዬን የተወጣሁ ይመስለኛል።

ለፋሲካ ሄድኩ። ማዕድ ቀረበ፤ እማዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጉርሻ አጎረሰችው። ሸሚዙን የምታለብሰው እሷ ናት። እንግዳ «እንዴት ነህ?» ሲለው የምትመልሰው እሷ ናት። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ ማን ይጠላዋል? ግን የአባዬ ግራ እጅ ደህና ነበር፤ ቀኙም መጨበጥ ጀምሯል። ለምን ራሱ አይበላም ስላት «ይፈስበታል፣ ያፍራል። በግራ እጁ ማዕድ ከሚነካ እኔ ባጎርሰው አይሻልም?» አለችኝ። «እንዲህ ከሆነማ እጁ እንዳይሠራ ያደረግሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። ዝም ብላ ሳህኑን አነሳች።

ማታ ወገቧን ስታሽ አየኋትና ግፊቷን ለካሁ። 178/104! የራሷን መድኃኒት ካቆመች ሁለት ወር አልፏታል። «የሱን ለማምጣት ስሯሯጥ የኔ ተረሳ፤ ደግሞ ምንም አላመመኝም» አለችኝ። (ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።) አምስት ወር ሙሉ በየቀኑ ስደውል መለኪያው እዚያው ቤት ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ያንቺስ?» አላልኳትም። እኔ ሐኪሟ፣ እኔ ልጇ። ይቅርታ የጠየቅኳት በማግስቱ ነው።

ከዚያ ተመካክረን ነገሩን ቀየርነው። ከስትሮክ በኋላ የተረፈው የጭንቅላት ክፍል የጠፋውን ሥራ የሚማረው በመደጋገም ነው። ለውጡ በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ፈጣን ነው፤ ከዚያ በኋላም ግን ቀስ እያለ ይቀጥላል፣ «ጊዜው አልፏል» ብላችሁ አትተዉ። ስለዚህ ለአባዬ ፍትፍት በማንኪያ አደረግንለት፣ የማንኪያውን እጀታ ጨርቅ ጠምጥመን አወፈርነው፣ ሳህኑ እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ፎጣ አነጠፍን። ቀኝ እጁ ሲደክም እማዬ ከሥር ክርኑን ትደግፋለች፤ ማንኪያውን ግን አትነጥቀውም። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት አይተኛም። የእናንተ ታማሚ ውኃ ሲጠጣ የሚያስለው ወይም ትን የሚለው ከሆነ ግን ምግቡ ወደ ሳንባው እየሄደ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ለሐኪሙ ንገሩ።

ልብስ ስታለብሱ የደከመውን እጅ አስቀድሙ፣ ስታወልቁ ደግሞ እሱን መጨረሻ አድርጉት። ከአልጋ ስታነሱ በዚያ እጅ አትጎትቱ፤ ትከሻው ይወልቃል። በዚህ የተነሳ በሕመም የሚሰቃዩ ብዙ ታማሚዎች አይቻለሁ፣ የጎተቷቸውም የሚወዷቸው ሰዎች ናቸው።

ንግግሩ ነው ያስቸገረን። አባዬ የእማዬን ስም መጥራት አቅቶት ሳለ አቡነ ዘበሰማያትን ግን ሳይሳሳት ይደግም ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ይደነቃል። ለዘመናት የተደጋገመ ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ይተርፋል። ሰው ግን መናገር ያቃተው አልሰማ ያለ መስሎት ይጮህበታል፣ ወይም ፊቱ ስለ እሱ ያወራል። እማዬ አሁን ቡና ስታፈላ «ስኳር ልጨምር?» ትለውና ትጠብቃለች። አንዳንዴ መልሱ እስኪመጣ ቡናው ይቀዘቅዛል።

ደግሞ ከስትሮክ በኋላ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ድብርት ይይዘዋል። ታማሚያችሁ ምግብ እንቢ ካለ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ሁልጊዜ ካለቀሰ «ተስፋ ቆረጠ» ብላችሁ አትለፉት፤ መድኃኒት አለው። የግፊቱንም መድኃኒት «ተስተካክሏል» ብላችሁ አታቋርጡ፤ የተስተካከለው በመድኃኒቱ ነው።

ለእማዬ የፈረድንላት እሑድን ነው። ታናሽ ወንድሜ ከአባዬ ጋር ይውላል፣ እሷ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ቡና ትጠጣለች። መጀመሪያ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ ትደውል ነበር። ማታ መለኪያው ከሱ ክንድ ወደ እሷ ይዞራል፤ አሁን ደብተሬ ላይ ሁለት ዓምድ አለ።

ባለፈው ወር ስሄድ አባዬ ሽሮውን ጋቢው ላይ አፈሰሰው። እማዬን አየኋት። ሁለት እጆቿን ከጭኗ ሥር ከታ ተቀምጣለች።