እናት ለልጇ የቋጠረችው ስንቅ

ወረኢሉ ስንቅ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ምኒልክ ለዓድዋ ዘመቻ ክተት ሲያውጁ የሸዋን ሰው በጥቅምት 1888 ዓ.ም. የቀጠሩት እዚሁ ነበር። ያኔ ዘማች በሶውንና ቆሎውን ይዞ ይወጣል። ያ ገብስ ግን በሶ ከመሆኑ በፊት የሌላ ስንቅ ነበር፤ ተክሏ ለልጇ ቋጥራው ነው እኛ የወሰድነው።

ነገሩ የሚጀምረው አበባው ላይ ነው። የወንዴው ብናኝ ከሴቴዋ ጫፍ ላይ ሲያርፍ ቀጭን ቱቦ ያበቅልና እንቁላሏ ወዳለችበት ይወርዳል። በቱቦው የሚጓዙት የወንዴ ሕዋሶች ሁለት ናቸው። አንዱ ከእንቁላሏ ጋር ተዋሕዶ ሽል ይሆናል። ሁለተኛውም ከንቱ አይቀርም፤ አጠገቧ ካለች ሌላ ሕዋስ ጋር ይዋሐድና የሽሉን ምግብ ያበጃል። ሰርጌይ ናቫሺን የተባለ ሩሲያዊ ይህን ድርብ ጽንስ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው።

የገብስ በሶ፣ የስንዴ ዳቦ፣ የጤፍ እንጀራ በአብዛኛው የዚያ የሁለተኛው ውሕደት ፍሬ ነው። ባቄላ ግን ስንቁን ገና በእሸትነቱ ለሽሉ ታበላዋለች፤ ሽሉም በሁለት ወፋፍራም ቅጠሎቹ ውስጥ ያከማቸዋል። ባቄላ ሲከካ ለሁለት የሚከፈለው ለዚህ ነው። ሽሮ የምናደርገው ክክ የሽሉ የራሱ ቅጠል ነው።

ወንዴና ሴቴ የሚገናኙበት መንገድ ግን ከተክል ተክል ይለያያል። ኮሶ ወንዱና ሴቷ የየራሳቸው ዛፍ አላቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ዘር አይሰጥም። ጤፍ በተቃራኒው ከአንዲት አበባ ውስጥ ጉዳዩን ይጨርሳል። አበባው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ሁለት ዝርያ ማዳቀል ለረጅም ጊዜ አስቸግሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ተመራማሪው ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ ከማለዳው 12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ እንደሚከፈት ደረሱበት፤ የማዳቀሉ በር የተገኘው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀችው ቁንጮ የተባለች የጤፍ ዝርያ ምርቷን ዱከም ከተባለው፣ ንጣቷን ማኛ ከተባለው ዝርያ ወረሰች።

ባቄላ መሐል ላይ ናት። በራሷ ብናኝም ትይዛለች፣ በንብም ከጎረቤት ማሳ ትዳቀላለች። ንቧ አበባው ላይ ተጭና ስትገባ የታችኛው ቅጠል ዝቅ ይልና ብናኙ ሆዷ ላይ ይራገፋል፤ ወደሚቀጥለው አበባ ይዛው ትሄዳለች። የጤፍ ዘር ከዓመት ዓመት እንደነበረ ሲቆይ የባቄላ ዘር ከጎረቤት ጋር የሚቀላቀለው በዚህ ምክንያት ነው። ንብ በደንብ የጎበኘው ማሳም ብዙ ጊዜ ቆባው የተሻለ ይሞላል።

ስለዚህ ባቄላ አበባ ላይ ሳለች የተባይ መድኃኒት የምትረጩ ወገኖቼ፣ ቢቻል አበባው እስኪረግፍ ታገሡ። የግድ ከሆነ ደግሞ ንቡ ቀፎው ከገባ በኋላ፣ ወደ ምሽት 12 ሰዓት ግድም ይሁን፤ ቀፎ ላለው ጎረቤትም አስቀድማችሁ ንገሩት። እሱ የሚያጣው ማር ነው፣ እናንተ የምታጡት ባቄላ።